ከጅማ ሆናችሁ ለኦክዉድና ለመሰሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች እንዴት እንደምታመለክቱ

ቴሌግራም ላይ «ሙሉ ስኮላርሺፕ፣ ያለ ፈተና፣ ፈጥናችሁ አመልክቱ» የሚል ነገር ከአንድ የጥቁር አሜሪካውያን ዩኒቨርሲቲ ስም ጋር ያላየ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጅማ ውስጥ የቀረ አይመስለኝም። ግማሹ እውነት ነው። ትምህርት ቤቶቹ አሉ፣ የውጭ ተማሪ ይቀበላሉ፣ ገንዘብም ይሰጣሉ። «ያለ ምንም» የሚባለው ግን የለም። ስለዚህ ፎርም መሙላት ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር ይጥራላችሁ። አንደኛ፣ እዚህ የማወራላችሁ የቤተ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲዎች ናቸውና ቤተ ክርስቲያኑ ከእናንተ ምን ይጠብቃል? ሁለተኛ፣ የሚጎድለውን ገንዘብ ማን ይሞላል? የቀረው ወረቀት ነው፣ ወረቀት ደግሞ በትዕግስት ያልቃል።

ምን ዓይነት ትምህርት ቤቶች ናቸው?

አሜሪካኖች «ኤች ቢ ሲ ዩ» ይሏቸዋል፣ የጥቁሮች ታሪካዊ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ማለት ነው። በ1965 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ከ1964 በፊት ጥቁሮችን ለማስተማር ተብለው የተቋቋሙትን ለይቶ በዚህ ስም መደባቸው። (ታሪኩን ስናገር ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ዛሬ 100 ያህል አሉ። ግማሽ ያህሉ የግል ሲሆኑ ከግሎቹ ብዙዎቹ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዙ ናቸው። ምክንያቱም ባርነት በ1865 ሲያበቃ አራት ሚሊዮን የሚሆን ሰው ነጻ ወጣ፣ ከዚያ በፊት ግን በብዙ የደቡብ ግዛቶች ባሪያን ማንበብ ማስተማር ራሱ በሕግ ያስቀጣ ነበር። ቀድመው ትምህርት ቤት የከፈቱላቸው የሚስዮን ማኅበራትና የጥቁሮቹ የራሳቸው አብያተ ክርስቲያናት ናቸው።

ኦሃዮ ያለው ዊልበርፎርስ በ1856 ተጀመረ። በ1863 የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ገዛው፣ ጳጳሱ ዳንኤል ፔይንም አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ የመራ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ራሌ ከተማ ያለው ሾው የባፕቲስቶች ነው፣ 1865። ደቡብ ካሮላይና ያለው ክላፍሊን የሜቶዲስቶች ነው፣ 1869። ኒው ኦርሊንስ ያለው ዛቪየር ከሁሉም መካከል ብቸኛው የካቶሊክ ሲሆን ያቋቋመችው በኋላ ቅድስት የተባለችው መነኩሲት ካትሪን ድሬክሰል ናት።

ጅማ ላይ በብዛት የምጠየቀው ስለ ኦክዉድ ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ። ኦክዉድ የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ነው፣ አላባማ ግዛት፣ ሃንትስቪል ከተማ። በ1896 በ16 ተማሪ ተከፈተ። ዩኒቨርሲቲ የተባለው በ2008 ነው። መሬቱ ድሮ ባሮች የሚያርሱት እርሻ ነበር። «ነጻ ሰው ነኝ» ብሎ የከሰሰውና በ1857 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ጥቁር ዜጋ ሊሆን አይችልም» ብሎ የፈረደበት ድሬድ ስኮት በባርነት ዘመኑ እዚያ መሬት ላይ ኖሯል። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1962 ግቢው ውስጥ ንግግር አድርጓል። ኤዎሊያንስ የሚባለውን መዘምራን በ1946 ያቋቋመችው ኢቫ ዳይክስ በ1921 ዶክትሬት ካገኙት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች አንዷ ናት።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ለጠቅላላ ዕውቀት አይደለም። ማመልከቻው ላይ «ለምን እኛን መረጥክ?» ይላችኋል። «ምርጥ ዩኒቨርሲቲ ስለሆናችሁ» የሚል መልስ ቅርጫት ውስጥ ነው የሚገባው።

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ይቀበሉኛል?

ጅማ ላይ ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፣ መሆንም አለበት። መልሱ አዎ ነው። ኦርቶዶክስም፣ ጴንጤም፣ ካቶሊክም ብትሆኑ መልሱ ያው ነው። ለመግባት የእምነቱ አባል መሆን አይጠየቅም። ለመኖር ግን የቤቱን ሕግ መቀበል ይጠየቃል፣ ብዙ ልጅ የሚደናገጠውም እዚህ ጋ ነው።

አድቬንቲስቶቹ ዘንድ ሰንበት ቅዳሜ ነው። የሚጀምረው ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ የሚያበቃው ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ። በዚያ መሃል ክፍል የለም፣ ፈተና የለም፣ ቢሮ የለም። ከሳምንቱ ቀናት በአንዱ የጋራ የአምልኮ ፕሮግራም አለ፣ መገኘታችሁም ይቆጠራል። ለዲግሪው ከሚያስፈልጉ ኮርሶች ውስጥ የሃይማኖት ትምህርት ይገባል፣ አካውንቲንግ ብታጠኑም። መጠጥ የለም፣ ሲጋራ የለም፣ ሺሻ የለም።

በሌላ በኩል ደግሞ እዩት። አድቬንቲስቶች የአሳማ ሥጋ አይበሉም፣ የትምህርት ቤቶቻቸውም ምግብ ቤት ወደ አትክልት ያዘነብላል። እንግዲህ ለሙስሊም ልጅ ሌላ ካምፓስ ላይ የሚያሳስበው የምግብና የመጠጥ ጉዳይ እዚህ ይቀላል። ለኦርቶዶክስ ልጅም ሁዳዴ ላይ የሚበላ አይጠፋም። ለጁምዓ ሃንትስቪል ውስጥ መስጊድ አለ፣ የክፍል ሰዓታችሁን ስትመርጡ የዓርብ ቀትርን ክፍት ተዉት። እውነቱን ለመናገር ለጅማ ሰው ከባዱ ሌላ ነው፦ አድቬንቲስቶች ቡና አያበረታቱም። ጀበና ጥዶ ሦስት ስኒ የለመደ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቀው ጥሩ ነው።

ስለ ጫት አንድ ነገር ብቻ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የተከለከለ ዕፅ ነው። ደርቆም፣ ተፈጭቶም፣ «ለአጎቴ ነው» ተብሎም አይገባም። አየር ማረፊያ ላይ ከተያዘባችሁ ትምህርቱ ሳይጀመር ሊያልቅ ይችላል።

ሁሉም የቤተ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ጥብቅ አይደለም። ዛቪየር ውስጥ ካቶሊክ ያልሆነው ተማሪ ብዙ ነው፣ የሜቶዲስቶቹም አብዛኛውን ጊዜ ላላ ይላሉ። መገመት ግን አያስፈልግም። የእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ላይ «ስቱደንት ሃንድቡክ» የሚል ፒዲኤፍ አለ። አውርዱና ስለ አምልኮ ፕሮግራም፣ ስለ አለባበስ፣ ስለ ዶርም መግቢያ ሰዓትና ስለ እንግዳ የሚለውን አንብቡ። ከዚያ ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩበት። አባባ ቪዛው ከወጣ በኋላ ከሚሰሙት አሁን ቢሰሙት ይሻላል።

ሕክምና ፈላጊዎች፣ ቆም በሉ

ከተማችን የሐኪም ከተማ ስለሆነች አሥር ልጅ ብትጠይቁ ስድስቱ «ሕክምና» ይላችኋል። እኛ ጋ ከ12ኛ ክፍል በኋላ ሌላ ዲግሪ ሳይያዝ ሕክምና ይገባል። አሜሪካ አይገባም። መጀመሪያ የአራት ዓመት ዲግሪ፣ ከዚያ እንደገና ማመልከቻ፣ ከዚያ ሌላ አራት ዓመት። የውጭ ዜጋን የሚቀበሉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ጥቂት ናቸው፣ ክፍያውም የሚቀመስ አይደለም። ዛቪየር ጥቁር ተማሪዎችን ለሕክምና ትምህርት ቤት በማብቃት አገር ያወቀው ነው፣ ግን እሱም የሚሰጣችሁ የመጀመሪያውን ዲግሪ ነው። ዓላማችሁ ሐኪም መሆን ብቻ ከሆነና ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ከደረሳችሁ እኔ ብሆን እዚሁ እማራለሁ። ነርሲንግ፣ ኬሚስትሪ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ሙዚቃ ወይም ቢዝነስ ከሆነ ግን ቀጥሉ።

ዕውቅናውን ራሳችሁ አረጋግጡ

ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ገንዘብ ያጥራቸዋል። ቨርጂንያ የነበረው የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ሴንት ፖልስ ኮሌጅ በ2013 ተዘግቷል። ስለዚህ የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር የዕውቅና መፈለጊያ ገጽ ላይ የትምህርት ቤቱን ስም ጻፉና ሁኔታውን እዩ። «ፕሮቤሽን» የሚል ካያችሁ ማስጠንቀቂያ ላይ ነው ማለት ነው። ያኔ ሌላ ፈልጉ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ስማችሁ

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ እንምጣ። ጫልቱ የምትባል ልጅ አለች እንበል። የልደት ምስክር ወረቀቷ በቁቤ ስለተጻፈ ስሟ በ«ሲ» ብቻ ይጀምራል፣ «ኤ»ውም «ዩ»ውም ድርብ ነው። ፓስፖርቷ ላይ በ«ሲ ኤች» ይጀምራል፣ አናባቢው ሁሉ ነጠላ ነው። ትራንስክሪፕቱን የጻፈው ሰው ደግሞ የአባቷን ስም አንድ «ኤስ» ቀንሶበታል። እኛ አንዲት ልጅ እናያለን። ሃንትስቪል ወይም ኒው ኦርሊንስ የተቀመጠው ሠራተኛ ሦስት ሰው ያያል፣ ፋይሉንም ወደ ጎን ያደርገዋል። ማንም ደውሎ «ስምሽ ተምታታ» አይላትም።

መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ፋይዳ፣ ከዚያ በፋይዳው መሠረት ፓስፖርት። ለፓስፖርት አዲስ አበባ መሄድ ግድ አይደለም፣ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ጅማ ላይ ቅርንጫፍ አለው። ፓስፖርቱ ከወጣ በኋላ ሌላው ሁሉ እሱን ይከተላል። ኮፒውን ይዛችሁ ትምህርት ቤታችሁ ሬከርድ ቢሮ ሂዱና ትራንስክሪፕቱ በዚያው ፊደል እንዲታተም ጠይቁ። ከታተመ በኋላ ቢሮው ውስጥ ቆማችሁ ፊደል በፊደል አንብቡት፣ ቤት ገብታችሁ አይደለም። ቀድሞ የወጣውና በቀላሉ የማይታረመው የብሔራዊ ፈተና ውጤት ላይ ስሙ ከተለየ ሁለቱም ስም የእናንተ መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ አጽፉ።

ፎርሙ ላይ «ላስት ኔም» ሲላችሁ ፓስፖርታችሁ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የተጻፈውን ብቻ አስገቡ። አንድ ቦታ የአባት፣ ሌላ ቦታ የአያት ስም ካደረጋችሁ የፈተና ውጤታችሁና ማመልከቻችሁ አይገናኙም።

ሌላው ዓመተ ምሕረት ነው። በ2017 ዓ.ም. የጨረሰ ልጅ ትራንስክሪፕቱ ላይ «2017» ብቻ ከተጻፈ አሜሪካዊው ከስምንት ዓመት በፊት የጨረሰ ይመስለዋል። «ይህ ሁሉ ጊዜ የት ነበርክ?» ይመጣል። የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ እንዲገለጽና የፈረንጁም ጎን ለጎን እንዲጻፍ አድርጉ። ውጤታችሁን ግን ከመቶ ወደ አራት ነጥብ ራሳችሁ አትቀይሩት፣ የእነሱ ሥራ ነው።

ጊዜው

የእነሱ ትምህርት የሚጀምረው ነሐሴ ላይ ነው። የእኛ የ12ኛ ክፍል ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ይወጣል። ስለዚህ ዘንድሮ ጨርሶ ዘንድሮ መሄድ የሚባል ነገር ከባድ ነው፣ አንድ ዓመት እንደሚያልፍ አስባችሁ ተነሱ። ማመልከቻው መስከረም አካባቢ ክፍት ነው። ለስኮላርሺፕ የሚያበቃው ቀነ ገደብ ከኅዳር እስከ ጥር ይዘጋል፣ ከመደበኛው ማመልከቻ ቀድሞ ማለት ነው። የካቲት ላይ «ገና ክፍት ነው» ብላችሁ ብታመለክቱ ልትገቡ ትችላላችሁ፣ ገንዘቡ ግን ተከፋፍሎ አልቋል። መሃል ላይ ያለውን ዓመት ቤት አትቀመጡበት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከደረሳችሁ ግቡና ተማሩ። የተማራችሁትን ክሬዲት አንዳንዶቹ ይቆጥሩላችኋል፣ ነገር ግን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስኮላርሺፕ እንዳያሳጣችሁ አስቀድማችሁ በኢሜይል ጠይቁ።

እንግሊዝኛ ፈተናውን ብዙዎቹ በዱዎሊንጎ ይቀበላሉ። ከቤት ነው የሚፈተኑት፣ ፓስፖርት ያስፈልጋል። ብቻችሁን የሆናችሁበት ጸጥ ያለ ክፍል ይፈልጋል፣ ሰው ከገባ ወይም ዓይናችሁ ወዲያ ወዲህ ካለ ውጤቱ ይሰረዛል። ኢንተርኔት ካፌ አይሆንም። መብራት የማይጠፋበትን ሰዓት እናንተ ታውቃላችሁ፣ ላፕቶፑን ሙሉ ቻርጅ አድርጉ፣ የስልክ ዳታ መጠባበቂያ ያዙ፣ እህትና ወንድሞቻችሁን ለአንድ ሰዓት ተኩል ወደ ጎረቤት ላኩ። ኤስ ኤ ቲ የሚባለው የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና ብዙ ቦታ ግዴታ አይደለም፣ ለትልቁ ስኮላርሺፕ ግን ሊጠየቅ ይችላል። እሱን ለመፈተን አዲስ አበባ መውጣት አለ።

ድርሰቱ

«የድሃ አገር ልጅ ነኝ» ብላችሁ አትጀምሩ። በሺህ የሚቆጠር አንብበዋል። ኢትዮጵያና ጥቁር አሜሪካውያን የቆየ ዝምድና አላቸው። «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለው የመዝሙረ ዳዊት ቃል በእነሱ አብያተ ክርስቲያናት ለዘመናት ተሰብኳል፣ ሐኪሙ መላኩ በያን በ1930ዎቹ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ አሰባስቧል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፣ አትቆልሉት። የቀረው የእናንተ ይሁን። የቡና ማጠቢያ ላይ ክረምቱን የሠራችሁ ካላችሁ፣ ሂርማታ ገበያ ላይ የእናታችሁን ሂሳብ የምትይዙ ካላችሁ፣ መድረሳ ቁርኣን የሐፈዛችሁ ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር የምታስጠኑ ካላችሁ እሱን ጻፉ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሃይማኖታችሁን አያፍርበትም፣ የእነሱ ባይሆንም።

ገንዘቡ

የመቀበያ ደብዳቤ ሲመጣ ቤተሰብ እልል ይላል። እልልታው ሳያልቅ ቁጥሩን አውጡ። ለምሳሌ ያህል፣ የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ ከዶርምና ከምግብ ጋር 36,000 ዶላር ነው፣ የሰጧችሁ ስኮላርሺፕ 18,000 ነው እንበል። ወረቀቱ ላይ ደምቆ የሚታየው 18,000 ስጦታው ነው። የእናንተ ጉዳይ ግን ያልተጻፈው 18,000 ነው። ዶላሩን በ150 ብር ብትመቱት በዓመት 2.7 ሚሊዮን ብር፣ አራት ዓመት ደግሞ አለ። «ሙሉ ስኮላርሺፕ» የሚሉት ብዙ ጊዜ የትምህርት ክፍያውን ብቻ ነው፣ መኝታ፣ ምግብ፣ የጤና መድን፣ መጽሐፍና ትኬት ውጭ ናቸው። ኢሜይል ጻፉና ጥያቄውን እንዲህ አድርጉት፦ «ከስኮላርሺፑ በኋላ ቤተሰቤ በዓመት በትክክል ስንት ይከፍላል? ስኮላርሺፑ በየዓመቱ ለመታደስ ስንት ጂፒኤ ይጠይቃል?»

የአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠው የተማሪ እርዳታ በተማሪ ቪዛ ለሚመጣ ሰው አይሰጥም። ይህ እርዳታ የሚጠየቅበትን ፋፍሳ የሚባል ፎርም በገንዘብ ሊሞላላችሁ የሚል ሰው ካለ ገንዘባችሁን ያዙ። በ1944 የተቋቋመው የጥቁር ኮሌጆች ፈንድም ስኮላርሺፖቹ በአብዛኛው ለአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ናቸው። ለእናንተ የቀረው በር ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚሰጠው ነው፦ በውጤት፣ በሙዚቃ፣ በስፖርት። ድምፅ ያላችሁ ልጆች፣ መዘምራን ላይ ገንዘብ አለ፣ ቀልዴን አይደለም። የማመልከቻ ክፍያውንም «መክፈል አልችልም» ብላችሁ እንዲተዉላችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ይተዋሉ። «ካምፓስ ውስጥ ሠርቼ እሞላዋለሁ» አትበሉ፣ በትምህርት ወቅት የሚፈቀደው በሳምንት 20 ሰዓት ነው፣ እሱ ለሳሙናና ለስልክ ይሆናል።

ስለ ደላሎች ብዙ አልልም። መንደራ አካባቢ አንድ ቤተሰብ «መግቢያ አለኝ» ላለ ሰው ከፍሎ ያገኘው ዩኒቨርሲቲው በነጻ የሚልከውን ኢሜይል ነው። ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የሚባል ቅጽ የሚያወጣው ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤት ቅጹን ከማውጣቱ በፊት ቅድሚያ ተቀማጭ ይጠይቃል፣ እሱም ቢሆን በዩኒቨርሲቲው አካውንት እንጂ በሰው ስም አይገባም።

ቪዛና ጉዞ

አይ-20 እጃችሁ ከገባ በኋላ የሴቪስ (የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ) 350 ዶላር ትከፍላላችሁ፣ ዲኤስ-160 የሚባለውን ፎርም ትሞላላችሁ፣ የቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር አለ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ኤምባሲ ቀጠሮ። ሕጉና ክፍያው በየጊዜው ስለሚነካካ ከመክፈላችሁ በፊት የኤምባሲውን ገጽ እዩ። ቀጠሮው ጠዋት ከሆነ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ስለሆነ በዋዜማው አትነሱ፣ ቀደም ብላችሁ ገብታችሁ እደሩ።

ቃለ መጠይቁ አጭር ነው። ምን ትማራለህ፣ ለምን እዚያ፣ ማን ይከፍላል፣ ከዚያስ? የሸመደደ ሰው ይታወቃል። ከባዱ «ማን ይከፍላል» ነው፣ ያንን የ18,000 ጥያቄ በቁጥር ካልመለሳችሁ ሌላው አያድናችሁም። ለቀጠሮው ሲባል ሰሞኑን አካውንት ውስጥ የተዶለ የዘመድ ገንዘብ ያስጠረጥራል። የቡና ንግድ ያለው አባት የንግድ ፈቃዱንና የግብር ደረሰኙን ይስጣችሁ። አንድ ሙስሊም ልጅ «ለምን የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ?» ቢባል ሃንድቡኩን አንብቦ ከሆነ የሄደው መልስ አያጣም።

ከተሳካ፣ ትምህርቱ ሊጀመር ከ30 ቀን በላይ ሲቀረው መግባት አይቻልም። ለኦክዉድ በኢትዮጵያ አየር መንገድ አትላንታ ድረስ ሄዳችሁ ከዚያ ሃንትስቪል በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ነው። የሚቀበላችሁ ሰው ካለ ትምህርት ቤቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ትኬቱን ስትቆርጡ ደግሞ ዓርብ ማታ እንዳትደርሱ፣ እስከ ቅዳሜ ማታ የዶርም ቁልፍ የሚሰጥ ቢሮ ላታገኙ ትችላላችሁ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሁን።